ሙሉ ባቡሩ ቢቀር ሻሲውን ይሽጡልን
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ «የሞዴል ባቡር አምራቾች ቢሠሩልኝ ብላችሁ የምትመኙት ዕቃ ምንድን ነው?» ብለን ጠይቀን ነበር። ከአገር ቤትም ከውጭም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙ አንባቢዎችን የሚመለከቱትን መርጠን ከዚህ በታች መልስ ሰጥተንባቸዋል። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን የሚኖሩበትን ከተማ ብቻ አስፍረናል።

ጥያቄ ከፍራንክፈርት፦ «ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። እዚህ ጀርመን ወደ ሞዴል ባቡር መደብር በገባሁ ቁጥር የስዊዘርላንዱም የኦስትሪያውም የተራራ ባቡር ከነፉርጎው ተደርድሮ አገኛለሁ፤ የእኛን የድሮ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ግን በአንዱም መደብር አላየሁም። አምራቾቹ የማይሠሩት ለምንድን ነው? ተሰባስበን ብንጠይቃቸውስ ይሰሙን ይሆን?»

መልስ፦ መጠየቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምን እንደምንጠይቅ አስቀድመን ካላሰብንበት የምናገኘው መልስ በትሕትና የተጻፈ «አንችልም» ብቻ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

አንድ ፋብሪካ አዲስ ሎኮሞቲቭ ለማውጣት ሲነሣ አስቀድሞ የሚያሠራው የቀለጠው ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበትን የብረት ሞልድ ነው። የሞልዶቹ ወጪ ከንድፉና ከናሙናው ሥራ ጋር ተደምሮ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ እንኳ ከመሸጡ በፊት፣ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ገንዘብ የሚመለሰው ከዚያው ሞልድ በሺዎች የሚቆጠር ዕቃ ሲወጣና ቀለሙና ቁጥሩ እየተለወጠ ደጋግሞ ሲሸጥ ነው። አንድ የጀርመን ሎኮሞቲቭ በየዘመኑ በለበሰው ቀለም ብዙ ጊዜ ሊወጣ ይችላል፤ የእኛን ባቡር የሚያውቀውና የሚገዛው ሰው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ሙሉውን ሎኮሞቲቭ ሠርተህ ሽጥልን ብለን ትልቅ አምራች ብንጠይቅ፣ ሂሳቡን ሠርቶ ቢተወው ልንቀየመው አይገባም።

ደስ የሚለው ግን ሐዲዱ ተዘጋጅቶ የሚገኝ መሆኑ ነው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የተነጠፈው 1 ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ነበር። በአውሮፓ እጅግ የተለመደው ስኬል፣ ማለትም እውነተኛው ባቡር በስንት እጅ እንዳነሰ የሚያሳየው ልክ፣ ኤችኦ የሚባለው 1፡87 ስለሆነ አንዱ ሜትር ወደ 11.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ አምራቾች ለዚህ የሚጠቀሙበት ደግሞ ኤችኦኤም የተባለው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። የስዊዘርላንዱ የሬቲያ ባቡር የሚሄደው በዚሁ በ1 ሜትር ስፋት ሲሆን የጀርመኑ ቤሞ ሞዴሎቹን ያመርታል፤ ሐዲዱንም ከእንግሊዙ ፔኮና ከጀርመኑ ቲሊግ መግዛት ይቻላል። እርስዎ እዚያ መደብር ውስጥ የሚያዩት ያ የስዊዘርላንድ ባቡር የቆመበት ሐዲድ እንግዲህ ለለገሃር ባቡርም የሚሆን ነው፤ የጎደለን በላዩ የሚሄደው ብቻ ነው።

እኔ በበኩሌ ልንጠይቅ የሚገባን ሞተር ያለውን ሻሲ ለብቻው እንዲሸጡልን ነው ባይ ነኝ። ምክንያቱም የሎኮሞቲቩን አካል፣ ማለትም ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ መስኮቱንና የሾፌሩን ክፍል፣ ዛሬ አንድ ትጉህ ሰው በኮምፒውተር ነድፎ በሬዚን በሚሠራ የቤት ውስጥ ስሪዲ ማተሚያ ሊያወጣው ይችላል፤ በ1፡87 የብሎኑ ራስ እንኳ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በቤት ውስጥ ሊሠራ የማይችለው ታችኛው ክፍል ነው፦ ሞተሩ፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቀንሰው ጊር፣ በዘንጉ ላይ ሳይንገዋለል የሚዞረው መንኮራኩር፣ ከሐዲዱ ኤሌክትሪክ የሚወስደው የነሐስ ልሳን። ይህን በትክክል ለመሥራት የፋብሪካ መሣሪያ ያስፈልጋል። በቦጊው፣ ማለትም መንኮራኩሮቹን ይዞ ከሎኮሞቲቩ ሥር ወደ ግራና ቀኝ በሚታጠፈው ክፍል፣ ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት በሁለት ወይም በሦስት አማራጭ የሚመረጥበት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሻሲ ቢወጣ ደግሞ የሚጠቅመው ለእኛ ብቻ አይሆንም፤ የኬንያና የኡጋንዳ፣ የቬትናም፣ የብራዚልና የስዊዘርላንድ ባቡር ወዳጆችም ይገዙታል። የኤርትራው የምጽዋ–አስመራ መስመር ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በስኬሉ 10.9 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ያን የሚሠሩትም አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ልዩነቱን ታግሠው በ12ቱ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ለአምራቹ እንግዲህ አንዱን የኢትዮጵያ ሎኮሞቲቭ ከመሥራት ይልቅ ለብዙ አገር ባቡር የሚሆነውን አንድ ሻሲ መሥራት በንግድም ያዋጣዋል።

ይህ ከየትም የተነሣ ምኞት አይደለም። ጃፓኖቹ ካቶና ቶሚቴክ የ9 ሚሊ ሜትር ሞተራም ሻሲ ለብቻው ይሸጣሉ፤ ጠባብ ሐዲድ የሚሠሩ ሰዎች በዚያ ላይ የፈለጉትን አካል እየጫኑበት ኖረዋል። እንግሊዙ ሆርንቢም እ.ኤ.አ. በ2022 ቲቲ 120 የተባለውን የ1፡120 ስኬል ሲጀምር ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለእኛ የሚስማማው ሞተርና መንኮራኩር በብዛት መመረት ጀምሯል ማለት ነው። አስቡት፤ በእውነተኛው ሎኮሞቲቭ ቦጊ ላይ በዘንጎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.6 ሜትር ቢሆን በ1፡120 ወደ 21.7 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ያው 21.7 ሚሊ ሜትር በ1፡87 ሲተረጎም 1.9 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም በጠባብ ሐዲድ ላይ ለሚሄድ የዲዝል ሎኮሞቲቭ ቦጊ በጣም የቀረበ ልክ ነው። ያን ሻሲ ያለ አካሉ፣ ለራሱ በወጣ ዋጋ ቢሸጡልን የሥራው ግማሽ ተቃለለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሬዳዋ ያለው የባቡሩ ጥገና ወርክሾፕ የቆዩ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ስላሉበት፣ ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ፈቃድ አግኝቶ ቢለካቸው ለሁላችንም ትልቅ ውለታ ነው። ጠቅላላ ርዝመት፣ ቁመት፣ የመንኮራኩር ዲያሜትርና በቦጊዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይመዝገብ፤ ፎቶውም ከጎን ቀጥ ብሎ፣ ምልክት የተደረገበት የሜትር ዘንግ አብሮ ቆሞ ይነሣ። ከማዕዘን የተነሣ ፎቶ ያምራል እንጂ ለንድፍ አይረዳም።

ጥያቄ ከቨርጂኒያ፦ «ሎኮሞቲቮቼ ሐዲዱ በሚከፋፈልበት መጋጠሚያ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ፤ ድምፁም ይቋረጥና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ስልኩ ሁሉ በባትሪ በሚሠራበት ዘመን አምራቾች ለምን ባትሪ አይከቱበትም?»

መልስ፦ የሚቀድመው ምኞት ሌላ ይመስለኛል። ሎኮሞቲቩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው መንኮራኩሩ ሐዲዱን በሚነካባት እጅግ ጠባብ ቦታ ነው። በዚያች ቦታ ላይ አቧራ፣ ዘይት ወይም ከብልጭታ የሚመጣ ጥቁር እድፍ ካለ መስመሩ ይቋረጣል፤ በመጋጠሚያው መሐል ያለው ቁራጭ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ አጭሩ ሎኮሞቲቭ ሁሉም መንኮራኩሩ በአንድ ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ ሊቀር ይችላል። በዲጂታል ቁጥጥር የሚሄድ ባቡር ላይ ትእዛዙም የሚተላለፈው በዚያው ሐዲድ በመሆኑ መቋረጡ ይበልጥ ይታወቃል።

ለዚህ ያለው መድኃኒት ከዲኮደሩ፣ ማለትም በሎኮሞቲቩ ውስጥ ሆኖ ዲጂታሉን ትእዛዝ ከሚቀበለው ሰርኪዩት፣ ጋር የሚገናኝ ካፓሲተር ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ለጥቂት ሰከንድ የያዘውን ይሰጣል፤ ሎኮሞቲቩም መጥፎውን ቦታ ሳይቆም ያልፋል። ችግሩ በብዙ ሎኮሞቲቮች ውስጥ ቦታ አልተተወለትም፤ የሚሰካበትም ሶኬት ስለሌለ ባለቤቱ ቀጭን ሽቦ በብየዳ ማያያዝ ይገደዳል፤ አንዱ አምራች የሚሠራውም ካፓሲተር ከሌላው ዲኮደር ጋር ላይስማማ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ሰዎች ማኅበርና በ1954 የተመሠረተው ሞሮፕ የተባለው የአውሮፓ ማኅበራት ኅብረት የሐዲዱን፣ የመንኮራኩሩንና የዲኮደሩን ሶኬት ደረጃ እያወጡ የአንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር እንዲሠራ አድርገዋል። ለካፓሲተሩም እንዲሁ ሁሉም የሚከተለው አንድ ሶኬት ቢኖር፣ በእያንዳንዱም አዲስ ሎኮሞቲቭ ውስጥ ቦታው ተዘጋጅቶ ቢመጣ፣ ከማናቸውም አዲስ ሞዴል ይልቅ ብዙ ሰው የሚያስደስት ነገር ይሆን ነበር።

ባትሪውን በተመለከተ፣ በአትክልት ቦታ በሚሄዱት ትልልቅ ባቡሮች ላይ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፤ ቦታ አለና። በኤችኦ ግን አንድ የሊቲየም ባትሪ የሚሰጠው 3.7 ቮልት ስለሆነ ወደ 12 ቮልት የሚያሳድግ ሰርኪዩት፣ መሙያና መከላከያ ይፈልጋል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ትንሽ ሎኮሞቲቭ ውስጥ መግባቱ ያስቸግራል። በብሉቱዝ ከስልክ ትእዛዝ የሚቀበሉት እንደ ሆርንቢ ኤችኤም 7000 ያሉት አዳዲስ ዲኮደሮች ትእዛዙን ከሐዲዱ ስላላቀቁት መንገዱ ተጀምሯል፤ ጉልበቱ ግን አሁንም በአብዛኛው ከሐዲዱ ነው የሚመጣው። እስከዚያው ሐዲዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል በነከሩት ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም አይፈትጉት፤ የሚተወው ጭረት እድፍ ይይዛል።

ጥያቄ ከአዲስ አበባ፦ «ከጀርመን አጎቴ የማርክሊን ሎኮሞቲቭ፣ ከአሜሪካ ደግሞ አክስቴ ሙሉ ስብስብ ላኩልኝ። ሐዲዱ እኩል ስፋት ያለው ቢሆንም የማርክሊኑ በአሜሪካው ሐዲድ ላይ አልሄደም። ምን ይደረጋል?»

መልስ፦ እንደገና አይሞክሩት። ሁለቱም 16.5 ሚሊ ሜትር ቢሆኑም የማርክሊን ኤችኦ አሠራር የተለየ ነው፦ አንደኛው የኤሌክትሪክ መስመር በሐዲዱ መካከል በተደረደሩ ነጥቦች በኩል ሲመጣ ሁለቱ የጎን ሐዲዶች አንድ ላይ ሌላውን መስመር ይይዛሉ። ስለዚህ የግራና የቀኙ መንኮራኩር በመካከላቸው መከላከያ የላቸውም፤ በአሜሪካው ሐዲድ ላይ ሲቆሙ ግራና ቀኙን አገናኝተው ሾርት ያደርጋሉ።

ከዚህም የሚበልጠው ጥንቃቄ የአሜሪካው ስብስብ ትራንስፎርመር ነው። ጀርባውን ይመልከቱ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ የ220 ቮልት ሶኬት ላይ ቢሰኩት ይቃጠላል። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይግዙ፤ ልክ የሆነ ተተኪ ካገኙም እሱ ይሻላል።

ምኞቱን በተመለከተ ግን ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው። እንደ ሮኮ ያሉ አምራቾች አንዱን ሎኮሞቲቭ ለሁለቱም አሠራር ለየብቻ እያወጡ ይሸጣሉ፤ ማርክሊንም ባለ ሁለት ሐዲዱን ትሪክስ በሚለው ስም ይሸጣል። የጎደለው ገዢው ራሱ በጠመንጃ መፍቻ ብቻ መንኮራኩሩን ቀይሮ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ሎኮሞቲቭ ነው። ስጦታ ከተለያየ አገር ለሚደርሰን ለእኛ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ጥያቄ ከለንደን፦ «አዲስ ሎኮሞቲቭ አልመኝም፤ የምመኘው ያሉኝን የምጠግንበት መለዋወጫ ነው። አንዲት ጊር ተሰንጥቃ ሎኮሞቲቩ ሁሉ ቆመ። አምራቹ መለዋወጫው አልቋል አለኝ።»

መልስ፦ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ነው። ለማያውቁት አንባቢዎች ነገሩን በቅርብ ላሳይ። በዘንጉ መካከል ያለችው ጊር ፕላስቲክ ስትሆን የምትያዘው በብረቱ ዘንግ ላይ በጥብቅ ተገፍታ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ፕላስቲኩ እየደረቀ ይኮማተራል፤ ብረቱ ግን አይኮማተርም፤ በመጨረሻ ጊሯ በሁለት ጥርሶች መካከል ፀጉር በምታህል መስመር ትሰነጠቃለች። ስንጥቁ በአንዷ ቦታ ጥርሶቹን ስላራራቀ ሎኮሞቲቩ በእያንዳንዱ ዙር «ጧ» ይላል፣ ይንገጫገጫል፤ ከዚያ ጊሯ በዘንጉ ላይ መንሸራተት ትጀምርና ሞተሩ እየዞረ መንኮራኩሩ ይቆማል። በአጉሊ መነጽር ሳይመለከቱ ሞተሩ ሞቷል ብለው የጣሉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

የዚህች ጊር ዋጋ ከሎኮሞቲቩ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ብዙ ሞዴሎች በአንድ ዙር ተመርተው ስለሚያልቁ መለዋወጫውም አብሮ ያልቃል። መፍትሔው ከባድ አይመስለኝም፦ አንደኛ፣ አምራቹ በእያንዳንዱ የምርት ዙር የጊር፣ የዘንግና የኤሌክትሪክ ልሳን ትርፍ ያስቀምጥ፤ ሁለተኛ፣ ክምችቱ ሲያልቅ የጊሩን የጥርስ ብዛት፣ የውጭ ዲያሜትርና የዘንግ ቀዳዳ ልክ በግልጽ ያሳውቅ። እነዚያ ሦስት ቁጥሮች ካሉ ሌላ አምራች ወይም ትንሽ ወርክሾፕ ተተኪውን ሊያወጣው ይችላል። ሳይታወቁ ሲቀሩ ግን ባለቤቱ የተሰነጠቀችውን ጊር ይዞ በካሊፐር መለካት አለበት፤ ተሰንጥቃ የሰፋች ጊር ደግሞ እውነተኛ ልኳን አትናገርም። የእርስዎን በሚለኩበት ጊዜ ከስንጥቁ ፊት ለፊት ያለውን ጎን ይለኩ፤ ቀዳዳውንም በራሷ ሳይሆን በዘንጉ ውፍረት ይወስኑት፤ ተተኪዋ ቀዳዳ ከዘንጉ በጥቂቱ ብቻ ትጥበብ፤ በጣም ከጠበበች እንደ ፊተኛዋ ትሰነጠቃለች።

ሙሉ ሎኮሞቲቭ ከመጠየቅ ሻሲ እንጠይቅ ያልኩትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ለብቻው የሚሸጥ ሻሲ ካለ አሮጌውም አካል አዲስ ታች ያገኛል።

ጥያቄ ከስቶክሆልም፦ «ገበያውንና ጣቢያውን የአገር ቤት አስመስዬ ልሠራ ብፈልግ ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ፣ ግራርና ባሕር ዛፍ አላገኝም። ማን ይሥራልን?»

መልስ፦ ይህንን ራሳችን እንሥራው። ፕራይዘርን የመሰሉ የጀርመን አምራቾች በ1፡87 የሚያወጧቸው ሰዎች በአብዛኛው የአውሮፓ መንገደኞችና የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ የእኛን እስኪያስቡልን መጠበቅ አያስፈልግም። በዚህ ስኬል 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ቁመቱ 19.5 ሚሊ ሜትር ነው። ካፖርት ከለበሰ ሰው ተነሥቶ በቀጭን ስስ ወረቀትና በውኃ በቀጠነ ሙጫ ጋቢውን መደረብ ይቻላል፤ ጥበቡን ግን በአንዲት ፀጉር ብሩሽ መሳል ዐይንና ትዕግሥት ይጠይቃል። ግራሩም እንዲሁ፦ የተገመደ ቀጭን ሽቦ ወደ ላይ ተበትኖ ቅጠሉ ሲጣበቅ ከላይ ጠፍጣፋ እንዲሆን ይደረጋል። ከአምራች የምፈልገው አንድ ነገር ባሕር ዛፍ ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ግንድ በብዛት መሥራት ለአንድ ሰው አድካሚ ነው፤ ደግሞም ለአውስትራሊያ ባቡር ሠሪዎችም ስለሚሆን ገዢ አያጣም።

ጥያቄ ከቶሮንቶ፦ «ትናንሽ አገሮች የራሳቸውን ባቡር አሠርተው ያውቃሉ? እንዴት ነው ያሳመኑት?»

መልስ፦ አዎን፤ አየርላንድ ጥሩ ምሳሌ ናት። የአየርላንድ ሐዲድ ስፋቱ 1,600 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከማንም ጎረቤቷ የተለየ ነው፤ ሞዴል ሠሪዎቹም ለረጅም ጊዜ የእንግሊዝን ሞዴል ቀለም እየቀየሩ በተለመደው የ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ያስሄዱ ነበር። ከዚያ መርፊ ሞዴልስ የተባለው የአየርላንድ ድርጅት የአገሩን የዲዝል ሎኮሞቲቮች በፋብሪካ አሠርቶ መሸጥ ጀመረ። ቀጥሎም አይሪሽ ሬልዌይ ሞዴልስ የተባለው ተመሠረተ፤ እሱም የጀመረው ሞተር በሌለው የጠጠር ፉርጎ ነበር፤ ዛሬ ከእሱ ጋር የተቆራኘው አኩራስኬል ለእንግሊዝ ገበያ ጭምር ሎኮሞቲቭ ያወጣል። ሌላው መንገድ ገዢዎችን አስቀድሞ ማሰባሰብ ነው፤ የእንግሊዙ ሬቮሉሽን ትሬንስ ፔንዶሊኖ የተባለውን ፈጣን ባቡር ከኤችኦ በሚያንሰው በኤን ስኬል ያወጣው እንዲህ ባለ መንገድ ነው።

እኛም ብንጀምር በፉርጎ እንጀምር እላለሁ፤ ሞተር የለውም፣ ሞልዱ ይቀላል፣ አንድ ሰው ደግሞ አንድ ሎኮሞቲቭ ሲገዛ ፉርጎ ብዙ ይገዛል። ለሻሲው የሚጻፈው ደብዳቤ ግን አሁኑኑ ሊላክ ይችላል። ብዙ የአውሮፓ አምራቾች አዲስ ዕቃቸውን የሚያሳውቁት በየዓመቱ ክረምታቸው ሳይወጣ በሚደረገው የኑርንበርግ የመጫወቻ ትርኢት ሰሞን በመሆኑ ደብዳቤው ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ ቢደርስ ይመረጣል። በደብዳቤው ላይ ናፍቆታችንን በሰፊው ከመጻፍ ይልቅ ለመሐንዲሱ የሚሆነውን እናስፍርለት፦ የሐዲድ ስፋት 12 ሚሊ ሜትር፤ በቦጊው ዘንጎች መካከል ከ21 እስከ 23 ሚሊ ሜትር፤ በሁሉም መንኮራኩር ኤሌክትሪክ የሚወስድ፤ የዲኮደርና የካፓሲተር ሶኬት ያለው፤ በሁለቱ ቦጊዎች መካከል ያለው ርቀት በገዢው እጅ የሚስተካከል። ከሥሩም ስንት ሰው ስንት ሻሲ ለመግዛት ዝግጁ እንደሆነ ይጻፍ። ቁጥሩን ለማሰባሰብ ይህ ዓምድ ፈቃደኛ ነው፤ ለመግዛት የምታስቡ አንባቢዎች የምትፈልጉትን ብዛትና ልታሠሩበት ያሰባችሁትን ባቡር ጽፋችሁ ላኩልን።